ሠላሳ አራት አግዳሚ ወንበር

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ቡራዩ ያለው የቤቴ በር ተንኳኳ። ስከፍት መታወቂያ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ታብሌት በደረቷ ያቀፈች ወጣት ቆማለች። ስሟ ሜቲ እንደሆነና በሰፈሩ ውስጥ ስለ ቤተሰብ አኗኗር መረጃ እንደምትሰበስብ ነገረችኝ። ከየት እንደመጣች ስጠይቃት፣ «ከሆለታ ነኝ አባባ፤ ቤተሰቦቼ እዚያ ቢሮ ይሠራሉ» አለች። አባባ መባልን ገና አልለመድኩትም፤ ጡረታ ከወጣሁ ዓመት እንኳ በቅጡ አልሞላኝም። ቢሆንም ጥሩ አድርጋ ስለጠራችኝ አስገባኋት።

ጣሪያው ምንድን ነው፣ ወለሉ ምንድን ነው፣ ውኃ ከየት ትቀዳላችሁ፣ ቴሌቪዥን አለ ወይ፣ ፍሪጅ አለ ወይ። ቆመን እሷ ትጠይቃለች፣ እኔ እመልሳለሁ። መሀል ላይ ዓይኗ ትከሻዬን አልፎ ወደ ግቢው ጥግ ሄደ። እዚያ በሸራ ግማሹ የተሸፈነ የፕላስቲክ ወንበር እስከ ጣሪያው ጠርዝ ተደራርቧል፤ አጠገቡ የተጠቀለለ ድንኳንና በአፍጢማቸው የተደፉ ትልልቅ ድስቶች አሉ። ልጅቷ መጠየቋን ትታ ከንፈሯን ታንቀሳቅስ ጀመር። ሳቄ መጣ።

«ምን አሳቀዎት?» አለችኝ ደንገጥ ብላ።

«ወንበር እየቆጠርሽ ነው አይደል?»

ፊቷ ቀላ። «ፎርሙ ላይ የቤት ዕቃ ብዛት የሚል አለ» አለች።

«አውቃለሁ። እኔም በአንቺ ዕድሜ ቆጥሬያለሁ። ሠላሳ አራት አግዳሚ ነበር።»

ያን ዕለት ጠዋት ለእሷ ባጭሩ የነገርኳትን ነው አሁን በሰፊው የማወጋችሁ።

ያኔ የሦስተኛ ዓመት የሶሺዮሎጂ ተማሪ ነበርኩ። ከትምህርቶቹ ሁሉ የምወደው የማኅበራዊ መደብና የኑሮ ልዩነት ኮርስ ነበር፤ የምወደውም ዶክተር ሰብለ ስለምታስተምረው ነው። አጭር፣ ድምጿ ወፍራም፣ የሹራቧ እጀታ ዘወትር ጠመኔ የነካው ሴት ነበረች። ሌሎቹ መምህራን በመኪና ሲገቡ እሷ ከከተማ አውቶቡስ ወርዳ፣ ከተማሪ ጋር ተጋፍታ በዋናው በር ትገባለች። ስለ ድሃና ስለ ሀብታም ስታወራ ድምጿን ከፍም ዝቅም አታደርግም ነበር። ስለ አየር ሁኔታ እንደሚናገር ሰው ረጋ ብላ ነው የምታወራው፤ እኛ ግን ወንበራችን ላይ ቁጢጥ ብለን ነበር የምንሰማት።

በመጀመሪያው ቀን ግማሽ ግማሽ ወረቀት አደለችንና፣ «ስማችሁን ጻፉ። ከዚያ ሀብታም፣ መካከለኛ ወይም ድሃ ብላችሁ ራሳችሁን መድቡ። ከሥሩ ምክንያታችሁን በአንድ መስመር» አለችን። ሰብስባ እዚያው ፊታችን ቆማ አገላበጠችው። መካከለኛ። መካከለኛ። መካከለኛ። እስከ መጨረሻው ወረቀት ድረስ መካከለኛ። ቀና ብላ አየችንና፣ «እዚህ ክፍል ውስጥ አንድም ሀብታም፣ አንድም ድሃ የለም። እንግዲያው ይህ ኮርስ ለምን ያስፈልገናል?» አለች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከሳቁት አንዱ አባቱ ሾፌር ቀጥሮለት የሚመጣ ልጅ ነበር። ሌላው እኔ ነበርኩ።

የእኔ ወረቀት ላይ የነበረው «መካከለኛ። እናቴ ፋብሪካ ውስጥ ትሠራለች» የሚል ነው። እናቴ ሰበታ ነበረች፤ ፋብሪካም በእርግጥ አለ። እሷ የምትሠራው ግን ከአጥሩ ውጭ፣ ወንዙ ዳር ነበር፤ የሠራተኞቹን ቱታና አንሶላ ታጥባለች። እጇ በሳሙና ብዛት ተሰነጣጥቆ በክረምት ይደማ ነበር። የመኝታ ክፍል ጓደኞቼ ስለ ቤተሰብ ሲያወሩ «ፋብሪካ» ብዬ ወሬውን ወደ ኳስ እወስደው ነበር። በዚያ ዕድሜ አንድ ቃል ሰውን ስንት ዓመት እንደሚሸከም ትገረማላችሁ።

መስከረም አልፎ መንገዱ ሲደርቅ ለመስክ ጥናት ሱሉልታ ወጣን። ከአዲሱ ገበያ የተነሳው አውቶቡስ የእንጦጦን ዳገት እያቃሰተ ወጥቶ ባሕር ዛፉን ሲጨርስ፣ ሜዳው ባንዴ ይገለጣል። ወራቱ የድርቆሽ አጨዳ ነበር። ሣሩ በማጭድ ታጭዶ ተኝቷል፣ የደረቀው ተከምሯል፤ አየሩ ሁሉ ድርቆሽ ድርቆሽ ይሸታል። ያን ሽታ ዛሬም መንገድ ላይ ድርቆሽ የጫነ አይሱዙ ሲያልፈኝ አገኘዋለሁ፤ ሚስቴ አጠገቤ ካለች «ደግሞ ሱሉልታ ሄድክ?» ትለኛለች። ማደሪያችን የአንድ ትምህርት ቤት ክፍል ነበር። ጠዋት ውርጩ ሣሩን አንጥቶት ስናገኘው፣ የአዲስ አበባ ልጆች ብርድ ልብሳቸውን ተከናንበው ነበር ፊታቸውን የሚታጠቡት።

ሥራችን ቤት ለቤት እየዞርን ቅጽ መሙላት ነበር። ጥናቱ የእኛ ብቻ አልነበረም። አንድ ድርጅት በአካባቢው የምትታለብ ላም ለሌላቸው ቤተሰቦች የወተት ላም ሊሰጥ አስቦ፣ ማን ከየትኛው መደብ እንደሆነ የሚያውቀው ከእኛ ዝርዝር ነበር። ከታችኛው መደብ የገባ ላም ያገኛል፤ ያልገባ አያገኝም። ዶክተር ሰብለ ከመውጣታችን በፊት ደጋግማ ያስጠነቀቀችን ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ «ሰው ሀብቱን ሲጠየቅ ይሸሽጋል፤ ስለዚህ የንብረት ክፍሉን በዓይናችሁ አይታችሁ ሙሉ እንጂ አትጠይቁ» የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ቅጽ ከተሞላ በኋላ አንዲት ቁጥር የሚቀይር ተማሪ ኮርሱን ይወድቃል። ባለፈው ዓመት አንዱ ወድቆ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን።

በሁለተኛው ሳምንት አደ ድንቄ ቤት ደረስኩ። እዚያ አገር ወንዱ ኦቦ እንደሚባል፣ ሴቷ በአክብሮት አደ ትባላለች። አደ ድንቄ ባሏ የሞተባት፣ ረዘም ቀጠን ያለች፣ አሥረኛ ክፍል የምትማር ጫልቱ የምትባል ልጅ ያለቻት ሴት ነበረች። ቤቷ ባለ ሁለት ክፍል ጭቃ ቤት ነው።

«አካም ቡልቴ፣ ኢልማ ኮ! ገሊ፣ ገሊ። ውጭ ቆመህ ብርድ አይምታህ» አለችኝ፤ እንደምን አደርክ ልጄ፣ ግባ ማለቷ ነው።

ሰበታ ያደግኩ ስለሆንኩ ኦሮምኛው አላስቸገረኝም። እሷም ደስ ብሏት ከአማርኛው እያቀላቀለች አጫወተችኝ። የገብስ ቆሎ አቀረበችልኝና ውኃ ልታመጣ ወጣች። ይሄኔ ወደ ትልቁ ክፍል በሩን ገፋ አድርጌ አየሁ። አግዳሚ ወንበሮች እስከ ጣሪያው ተደራርበዋል፤ የሁሉም እግር አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል። ሠላሳ አራት ቆጠርኩ። ስድስት ትልልቅ ድስት። ሦስት በርሜል። በሳጥን በሳጥን የተደረደረ ብርጭቆ፣ ከሁለት መቶ የማያንስ። ሁለት ትልልቅ ድንኳን። በአስተማሪዬ ቃል መሠረት አየሁ እንጂ አልጠየቅኩም። ጻፍኩ።

ተመልሳ ውኃውን ሰጠችኝ፤ ጠርዙ በተሸራረፈ ጣሳ ነበር። ሁለት መቶ ብርጭቆ ያላት ሴት እንግዳዋን በተሸራረፈ ጣሳ ለምን ታጠጣለች ብዬ ለአንዲት ደቂቃ እንኳ አላሰብኩም። የሶሺዮሎጂ ተማሪ ነኝ ባይ!

መጨረሻ ላይ የምንጠይቃት አንዲት ጥያቄ ነበረች። «አደ ድንቄ፣ ራስዎን ከየትኛው ይመድባሉ? ከሀብታም፣ ከመካከለኛ ወይስ ከድሃ?»

ሳቀች። «መካከለኛ ብለህ ጻፍልኝ» አለችኝ።

እኔም በልቤ «አዬ፣ ሀብቷን ስትሸሽግ» አልኩ።

ማታ ነጥቡን ስደምረው አደ ድንቄ የወፍጮ ቤት ባለቤቱን አስከትላ ከመንደሩ አንደኛ ወጣች። ባሏ የሞተባት ሴት የሀብቱ ጫፍ ላይ! እንዲህ ያለ ነገር ማንም አላገኘም። የመመረቂያ ጽሑፌን በእሷ ላይ ልመሥርት ወሰንኩ፤ ርእሱን እንኳ ሦስት ጊዜ ቀያየርኩት። ዶክተር ሰብለ ቅጹን አይታ ዳሩ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ደስ የሚል ግኝት» ብላ ጻፈችልኝ። ለማንም በቀላሉ እንዲህ አትጽፍም ነበር። ያን ቅጽ ከአሥር ጊዜ በላይ አውጥቼ አይቼዋለሁ።

ከአራት ቀን በኋላ ጎህ ሲቀድ ጥሩምባ ተነፋ። የሰፈሩ አንድ ሽማግሌ አርፈው ነበር። የቤተሰቡን ቅጽ የሞላሁት እኔ ስለነበርኩ ለቅሶ መድረስ እንዳለብኝ ተሰማኝና ከቀብር መልስ ወደ ድንኳኑ ሄድኩ። ቦታ ያዝ ተብዬ ተቀመጥኩ። ጫማዬን ላስተካክል ጎንበስ ስል የተቀመጥኩበትን አግዳሚ እግር አየሁት። አረንጓዴ ነው። የፊተኛውም አረንጓዴ ነው። የኋላውም። አንድ በአንድ ቆጠርኳቸው፤ ሠላሳ አራት።

አጠገቤ የተቀመጡትን ሰውዬ በቀስታ፣ «እነዚህ ወንበሮች ከአደ ድንቄ ቤት አይደለም የመጡት?» አልኳቸው።

«ታዲያ ከየት ይምጡ?» አሉኝ ገርሟቸው። «የእድሩ ዕቃ ቤት እኮ እሷ ጋ ነው። ባሏ ነበር የሚጠብቀው፤ እሱ ሲሞት እሷ ያዘችው።»

በእኛ በሰበታ የፋብሪካ ሠራተኛው እድር ዕቃ በቆርቆሮ መጋዘን ተቆልፎበት ነው የሚቀመጠው። ዕቃ ሰው ቤት ያድራል፣ ባለቤቶቹም ትልቁን ክፍል ለቀው ጓዳ ውስጥ ይተኛሉ ብዬ እንዴት ልጠርጥር? ይህን ለራሴ ደጋግሜ ነገርኩት፤ እፍረቱ ግን አልቀነሰልኝም። የሟቹ ቤተሰብ አምርሮ ሲያለቅስ እኔ ስለ አግዳሚ ወንበር እያሰብኩ አንገቴን ደፍቼ ነበር።

ከድንኳኑ ጀርባ ጫልቱ ብርጭቆ ታጥባለች። ሄጄ አብሬያት ማለቅለቅ ጀመርኩ። ብርጭቆ በብርጭቆ እየተቀባበልን እናቷ እንዴት እንደምትሠራ አወጋችኝ። ስንት ዓመት ሲወጣ ሲገባ አንድ ብርጭቆ እንኳ የት እንደገባ ጠፍቶባት አያውቅም። ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ቤቱ ክርስትና ወይም ተዝካር ኖሮበት ዕቃ የሌለው ሰው ካለ፣ ለመዋስ መምጣት እንደሚያፍር ታውቃለች። ስለዚህ እሱ ሳይመጣ እሷ በጫልቱ ትልክለታለች። «ቤታችን ስለጠበበን እስከ እሁድ አስቀምጡልን» አስብላ ነው የምትልከው። ሰውዬው ውለታ የዋለ መስሎት ዕቃውን ይቀበላል።

እጄ ውኃው ውስጥ እንዳለ ቆምኩ። በዚያች መንደር ማን እንደተቸገረ ለማወቅ እኛ ሠላሳ ተማሪዎች በመኪና ተጭነን፣ ባለ ስምንት ገጽ ቅጽ ይዘን መጥተናል። ይህች ሴት ግን ሁሉንም ታውቀዋለች፤ አውቃም ሳይታወቅባቸው እንዲያልፍ ታደርጋለች። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ብዙ ምሁር አይቻለሁ። እንደ አደ ድንቄ ያከበርኩት ግን ጥቂት ነው።

«አንቺስ፣ ትምህርት እንዴት ነው?» አልኳት ጫልቱን።

«እስከ ገና ነው» አለችኝ ብርጭቆውን እያየች። «ላማችን ነጥፋለች። ከገና በኋላ አዲስ አበባ ሰው ቤት ልገባ ነው። የሚቀበሉኝ ሰዎች ተገኝተዋል።»

ልብ በሉ፤ እኔ ያን ጊዜ የማውቀውን እሷ አታውቅም። በእኔ እስክሪብቶ እናቷ የመንደሩ አንደኛ ሀብታም ሆናለች። ላሟ ወደዚያ ቤት አትደርስም።

ወደ ማደሪያችን ስመለስ መንገዱ ረዘመብኝ። ዝም ብል ማንም አያውቅም፤ ጽሑፌ ደህና ውጤት ያመጣል፣ እመረቃለሁ። ብናገር ደግሞ ቁጥር ልቀይር እንደመጣሁ ይቆጠራል። ጫልቱ አሳዝናኝ ወይም ጉቦ በልቼ የዋሸሁ መስዬ ኮርሱን ብወድቅስ? እናቴ ለምረቃዬ የምትለብሰውን ቀሚስ ከወዲሁ አሰፍታ ሳጥን ውስጥ አስቀምጣ ነበር። የድርቆሽ ክምር ጥግ ቁጭ ብዬ ብዙ አሰብኩ ብል ደስ ባለኝ፤ እውነቱ ግን ብዙም አላሰብኩም። ጫልቱ ብርጭቆውን እያየች የተናገረችበት ድምፅ ከጆሮዬ አልወጣ ስላለኝ ነው ቀጥ ብዬ የሄድኩት።

ዶክተር ሰብለ ጥቁር ሰሌዳው ሥር ተቀምጣ ቅጽ ታገላብጣለች። ሁሉንም አንድ ሳላስቀር ነገርኳት። ስጨርስ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ከዚያ፣ «አግዳሚው ስንት ነበር ያልከኝ?» አለችኝ።

«ሠላሳ አራት።»

«ሠላሳ አራት አግዳሚ ያለው ሰው በሕይወትህ አይተህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«እኔም አላውቅም» አለች። «አላውቅም፤ ግን አንብቤ ደስ የሚል ግኝት ብዬ ፈረምኩበት።» መሳቅ ጀመረች፤ ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ። ቀይ እስክሪብቶዋን አንስታ የራሷን ጽሑፍ በአንድ መስመር ሰረዘችው። «አይታችሁ ጻፉ እንጂ አትጠይቁ ያልኳችሁ እኔ ነኝ። ስህተቱ የሁለታችን ነው፤ እዚህ ጋ አብረን እንፈርም» አለችኝ።

አስተማሪ ተማሪ ፊት ተሳስቻለሁ ሲል ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያን ቀን ነው። እኔም በኋላ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ሁሉ ይህን ለማድረግ ሞክሬያለሁ፤ ሁልጊዜ አልቻልኩም።

ዝርዝሩ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ለሕዝቡ ተነበበ። እንዲህ የሚደረገው ሰው እንዲያርመው ነው። ሜዳው ላይ የተደረደሩት እነዚያው አግዳሚዎች ነበሩ፤ ሽማግሌዎቹ ፊት፣ ሴቶቹ በስተቀኝ ተቀምጠዋል። የድርጅቱ ሰው ከታችኛው መደብ የገቡትን ሲጠራ «አደ ድንቄ» የሚለው ስም ላይ ሲደርስ ጉርምርምታ ተነሳ።

የእድሩ ዳኛ ኦቦ በቀለ ከመቀመጫቸው ተነሱ። ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «ይሄ ስድብ ነው» አሉ። «የእድራችን ዕቃ ቤት ጠባቂ ድሃ ትባላለች? እሷ የኛ እናት ናት። ይሰረዝ!»

«ዱጋ ነው! እውነት ነው! ይሰረዝ!» አለ ሕዝቡ ከዳር እስከ ዳር።

የድርጅቱ ሰው እስክሪብቶውን አወጣ። እኔ ዘልዬ ተነስቼ፣ ጥፋቱ የኔ እንደሆነና አሁን የተቀመጡበትን አግዳሚ የእሷ መስሎኝ እንደቆጠርኩት ተናገርኩ። ሕዝቡ ሳቀ። አንዳንዱ የተቀመጠበትን አግዳሚ መታ መታ እያደረገ ሳቀ። ኦቦ በቀለም ስቀው ሲያበቁ፣ «ልጄ፣ ወንበሩ የኛ ነው፤ እሱን ልክ ነህ። ድሃ መባሏን ግን አንቀበልም» አሉኝ። ከፍቅር ነበር የሚናገሩት፤ ይሄ ነው የከበደኝ። እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ሊያርፍ ነበር።

አደ ድንቄ ከሴቶቹ መሀል ተነሳች። ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰች።

«ኦቦ በቀለ፣ ስላከበራችሁኝ እግዜር ያክብራችሁ» አለች። «ቤቴ የገባችሁ ሁሉ ያያችሁት የራሳችሁን ዕቃ ነው። እሱን አውጡና የቀረውን እዩት። አንድ አልጋ፣ አንድ የነጠፈች ላም፣ አንዲት ልጅ ነው። እሷንም ከገና በኋላ ሰው ቤት ልልካት ነው። እኔ ድሃ ነኝ። ይሄ ልጅ ሲጠይቀኝ መካከለኛ ብዬዋለሁ፤ አፍሬ ነው። አሁን አላፍርም። ስሜ ይቆይ።»

ከዚያ ቁጭ አለች። ኦቦ በቀለ መሬት መሬት እያዩ ቆባቸውን አወለቁ። «ይቆይ» አሉ።

ዶክተር ሰብለ አጠገቤ ቆማ ነበር። ስታለቅስ አላየኋትም፤ መነጽሯን ግን በዚያ ጠመኔ በነካው እጀታዋ ጠረገችው።

አዲስ አበባ በተመለስን በመጀመሪያው ቀን ቢሮዋ ሄጄ በኮርሱ መጀመሪያ የጻፍኩትን ግማሽ ወረቀት እንድትሰጠኝ ለመንኳት። ሁሉንም አስቀምጣቸው ነበር። «መካከለኛ» የሚለውን ሰረዝኩና ከሥሩ፣ «ድሃ። እናቴ ሰበታ ወንዝ ዳር የፋብሪካ ሠራተኞችን ልብስ ታጥባለች» ብዬ ጻፍኩ። አነበበችው። «አንድ ቀን አስተዋውቀኝ» ብቻ አለችኝ። ለፋሲካ ሰበታ ስሄድ ለእናቴ በኩራት ነገርኳት። እሷ ግን ተቆጣችኝ። «ምን ጎደለብህና ነው ድሃ ብለህ የምትጽፍብኝ? መካከለኛ ብትል ምን ነበረበት?» ብላ ያን ቀን ሙሉ አኮረፈችኝ። ያን ሀፍረት ከሷ እንደወረስኩት የገባኝ ያኔ ነው። በምረቃዬ ቀን ዶክተር ሰብለ ያን የተሰነጣጠቀ እጅ በሁለት እጇ ይዛ ስትጨብጣት፣ እናቴ እጇን ልትደብቅ ሞክራ አቃታት።

ላሟ ከገና በፊት ደርሳለች። ጫልቱም ትምህርቷን ጨርሳ ጫንጮ የወተት መሰብሰቢያ ውስጥ ሥራ ያዘች። አደ ድንቄ እስክታርፍ ድረስ በየጥቅምቱ እየሄድኩ እጠይቃት ነበር። እርጎ ታቀርብልኛለች፤ በዚያው በተሸራረፈ ጣሳ። የእድሩም ዕቃ እስከ መጨረሻው እሷ ጋ ነበር። ስትሞት እነዚያ አረንጓዴ እግር አግዳሚዎች ለእሷ ወጡ። እኔም መጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩላት።

እንግዲህ የቡራዩ እድራችን ዕቃ የሚያስቀምጥበት ቤት ሲፈልግ እጄን ያወጣሁት ለዚህ ነው። ሚስቴ ግቢያችን መጋዘን ሆነ እያለች እስከ ዛሬ ትነጫነጫለች። እኔ ግን ጠዋት ጠዋት ያን የተደረደረ ወንበር ሳይ፣ ሰው እምነት እንደጣለብኝ እየተሰማኝ ደስ ይለኛል።

ሜቲ ይህን ስነግራት ታብሌቷን ዝቅ አድርጋ ነበር የምትሰማኝ። ስጨርስ የወንበሩን ቁጥር አጠፋችው። «የመጨረሻ ጥያቄ ቀርቶኛል» አለች ፈገግ ብላ። «ራስዎን ከየትኛው ይመድባሉ?»

«መካከለኛ» አልኳት። «አሁን እንኳ እውነቴን ነው።»

አብረን ሳቅን። እሷ መዝግባ ጨረሰች፤ ግን አልሄደችም። ታብሌቱን እያገላበጠች ትንሽ ቆየችና፣ «እናቴ አበባ እርሻ ውስጥ ናት» አለችኝ። «ማሸጊያው ላይ። ቢሮ ያልኩዎት... ለሰው እንደዚያ ስለምል ነው።»

ምንም አልጠየቅኳትም። ከማለዳ ጀምሮ ስትዞር የነበረች ልጅ ናት፣ እግሯ ደክሟል። ዞር ብላ ከተደረደሩት ወንበሮች አንዱን ልታነሳ እጇን ዘረጋች።

«እሱን ተዪው፣ የሰው ነው» አልኳት። ገብቼ ከማዕድ ቤት የራሴን በርጩማ አመጣሁላት። አንድ እግሩ አጠር ይላል፣ ያንገዳግዳል። ተቀመጠችበትና ስለ እናቷ ታወራኝ ጀመር።